ሌላውን ድንጋይ እንሸከም

ዛሬ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው የሚታየው ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። በ1850ዎቹ ግን አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ከሀገሬው ሰው ጋር አሰልፈው መድፍ ያሠሩት እዚሁ ነበር። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የዚህ መንደር ሥራ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ገደል እየተናደ መንገድ ተጠረገለት፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው ዳገት ቁልቁለቱን ጎተተው። ንጉሠ ነገሥቱም ከሠራተኛው እኩል ድንጋይ ያነሡ ነበር።

በዚህ ታሪክ እኮራለሁ። ያመኛልም። ያ ጉዞ ሲጀመር ደብረ ታቦር በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጥላ ነበር። ብልሃትም፣ ጉልበትም፣ ሕልምም ነበረን፤ ቁጣ ሲነሣ ቆም ብሎ የሚያይ ልብ ግን ጎደለን። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። እኛም ያጣነውን ገና አላገኘነውም። ጠመንጃ በየቤቱ ባለበት፣ ክፉ ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ በሚሮጥበት በዚህ ዘመን ጉድለቱ ሰው እያስከፈለን ነው።

ወገኖቼ፣ እንደዚያ መድፍ ሁላችንም ገመዱን ካልያዝነው የማይነቃነቅ ሥራ አለብን። ስሙ ልብ ማለት ነው፤ ልብ ብሎ ካዩም በኋላ መራራት።

ልጅ ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። በወሰን ጠብ አንድ ወጣት የጎረቤቱን ልጅ በዱላ መትቶ ክንዱን ሰብሮት ነበር። የዕርቁ ዕለት ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊት ቀደሙ፤ ወጣቱ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ተከተላቸው። የተመታው ልጅ እናት ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር» አሉ። እሳቸው ዝም። ደግመው ለመኑ። አሁንም ዝም። የወጣቱ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላቡ ከአገጩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እናቲቱ ያንን ጉልበት ያዩት ጀመር። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ማንም አላጣደፋቸውም። ከዚያ ከደጃፉ ወርደው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥበብ ሲባል ትዝ የሚለኝ ያ ዝምታ ነው። ሴትዮዋ ቁጣቸውን አልካዱም፤ ለማስመሰልም አልቸኮሉም። ቁጣቸውን ይዘው፣ የልጃቸውን ክንድ የሰበረውን ልጅ እንደ ሰው እስኪያዩት ድረስ ቆሙ።

ይህ ከሌላ የምንዋሰው ነገር አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን የማስተዋል ልምምድ ጀመረ፤ ዛሬ ዘዴው በብዙ አገር ይሠራበታል። መልካም ነው። እኛ ግን ጽሞና የሚለውን ቃል ከአያቶቻችን ወርሰናል። በፍልሰታ ሱባኤ የሚገባው ምእመን፣ ከሶላት በኋላ እጁን ዘርግቶ ዱዓ የሚያደርገው ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ሁለቱም ልብን ከግርግር መመለስ ያውቁበታል። የጎደለን ይህንኑ ከጸሎት ቤቱ በር አሳልፎ ወደ ገበያው፣ ወደ ዕድሩና ወደ ቀበሌው ማድረስ ነው።

ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱ ፎገራ ላይ አውራ አምባ አለች። ትምህርት ቤት ያልገቡት ገበሬ ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር በ1964 ዓ.ም. መሠረቷት። ብዙ ሰው እብድ ብሏቸዋል። በደርግ ዘመን ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ ተመልሰውም እንደገና ጀመሩ። እዚያ ሴት ዕርፍ ብትጨብጥ፣ ወንድ እንጀራ ቢጋግር ነውር የለም። ክፉ ቃል ነውር ነው። ጠብ በውይይት ይፈታል፤ ጧሪ ያጣ አረጋዊ የሚጦርበት ቤት አለ። በእምነት ነገር ከእነሱ ጋር አልስማማም፤ በሽማግሌ አያያዝ ግን ተማሪያቸው ነኝ። ርኅራኄን ለስሜት አልተዉትም፤ በየሳምንቱ የሚሠራ ሥራ አደረጉት።

እኛም እንዲሁ እንጀምር። የዕድር ዳኞች፣ ስብሰባ ስትከፍቱ ስለ መዋጮው ከማውራታችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ዝም ይበል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ እያንዳንዱ ያልመጣው ማን እንደሆነና ለምን እንደቀረ ያስብ። መምህራን፣ የተደባደቡ ልጆችን ከመቅጣታችሁ በፊት አንዱ የሌላውን በደል በራሱ አፍ እንዲናገር አድርጉ። እናቶች፣ ቡናው ላይ የሰው ስም ሲነሣ «እሱስ ምን ሆኖ ይሆን?» በሉ፤ የአንዲት እናት ጥያቄ የሰፈር ሐሜት ያቆማል። ወጣቶች፣ ያናደዳችሁን ወሬ ሌሊቱን አሳድሩት፤ ንጋት ላይም እውነት ከመሰላችሁ ያን ጊዜ ተናገሩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ የፈሰሰው ደም ሲሆን ደግሞ መልቀሚያ የለውም። በሳምንት ግማሽ ቀን ደግሞ ለባልቴት አጥር፣ ለታማሚ ማሳ እንስጥ። ደቦ እናውቃለን፤ ሥራው አዲስ አይሆንብንም።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ፣ የከተማችን የደብረ ታቦር ስም የተጠራበት በዓል ነው። ጅራፉ ይጮኻል፣ ችቦው ይበራል፣ ሙልሙሉ ይጋገራል። የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የፎገራ፣ የጋይንት ሰው ሆይ፣ የተቀየምከው ሰው ካለ፣ የበደልከውም ካለ፣ የዘንድሮው ቡሄ ሳይደርስ ሽማግሌ ያዝና ደጁ ሂድ። ድንጋዩ ከከበደህ ጥራን፤ አብረንህ እንሸከማለን።