በረዶ የነካው ደም እውነቱን ይናገራልን?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የስኳር በሽታ ስላለባቸው ወገኖቻችን የደም ምርመራ ያለኝን አሳብ በተከበረው ጋዜጣዎ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ብዙ ሰዎች፤ ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ተምረናል የምንለው እንኳ፤ ደም በረዶ ቤት ከገባ እንደ ሥጋ ሳይበላሽ የሚቆይ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደም ከክንድ ከተቀዳም በኋላ ቀይ ሕዋሶቹ በሕይወት ስላሉ በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ስኳር መብላታቸውን አይተዉም። ፈሳሹ ከሕዋሱ ካልተለየ በቀር ስኳሩ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከመቶ ከ5 እስከ 7 እጅ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ጧት መርሳ የተቀዳ ደም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልድያ፤ ወይም 90 ያህል ተጉዞ ደሴ ቢደርስና እስከ ቀትር ተራ ቢጠብቅ፤ ስኳሩ የበዛበት ሰው ደኅና ነህ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የመርሳንም ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ግራጫ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ የሚደረገው ፍሎራይድ እንኳ በሚገባ የሚሠራው ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

«የሦስት ወር ስኳር» የምንለው ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የሚለካው ከቀዩ የደም ቀለም ጋር የተጣበቀው ስኳር ስለ ሆነ መንገድ ይችላል፤ በሐምራዊው ብልቃጥ ተቀድቶ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ስሕተቱ የሚመጣው ይበልጥ ይቆይልን ብለን በረዶ ቤት ስንጨምረው ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያህል በሆነ ተራ በረዶ ቤት የሰነበተ ደም፤ እንደ መለኪያው ዓይነት፤ ቍጥሩ ሊዛባ ይችላል። ለረዥም ጊዜ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ የሚያወርድ መሣሪያ ያሻል። መብራት ሲጠፋ የቀለጠ፤ ሲመጣ ደግሞ ዳግመኛ በረዶ የሆነ ደም ሲሆንማ ምን ይባላል!

ሐኪሙ ኢንሱሊኑን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ይህንኑ ቍጥር አይቶ ነው። ያለ አግባብ የተጨመረ እንደ ሆነ በሽተኛው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ያለ አግባብ የተቀነሰ እንደ ሆነ ዓይኑና ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ይጐዳሉ። (ኢንሱሊንም ራሱ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ የሚጣል መሆኑን በዚሁ ላሳስብ።)

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል። ለተዘረፈው ምትክ ሲታዘዝ መለኪያው ታስቦ ማስቀመጫው እንዳይረሳ እሠጋለሁ። እስከዚያው ድረስ የዕለቱ ስኳር በዚያው በመርሳ ከጣት ተወስዶ ወዲያው ይለካ፤ ለሦስት ወሩ የሚላከው ደም በቀዝቃዛ ሣጥን፤ በረዶውን ሳይነካ ይጓዝ፤ በውጤቱም ወረቀት ላይ ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና የቆየበት ሁኔታ ይጻፍ። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን ቀንና ቍጥር የሌለውን ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይቀበልልንም፤ የሰው ደም ስለምን ከዚያ ያንሳል?

የዞኑ ጤና መምሪያ በዚህ ነገር መልስ ቢሰጥበት ደስ ይለናል።

ከአንባቢዎችዎ አንዱ
መርሳ