ስለ መጀመሪያ ሥራ አመራረጥ

ከመልካሳ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል። ልጃቸው በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ፣ ብዙ ወራት ሥራ ሲፈልግ ከቆየ በኋላ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቦታ ተጠርቷል። አንደኛው አዲስ አበባ አጠገብ የሚገኝ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነው፤ ደመወዙም ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው አዳማ ያለ የእርሻ መሣሪያዎች መሥሪያ ነው፤ ክፍያው አነስተኛ ቢሆንም ልጁ ከቤቱ እየተመላለሰ ሊሠራ ይችላል። አባት፣ «የታናሽ እኅቱ የትምህርት ወጪ አለብንና ወደሚበልጠው ይሂድ» ይላሉ፤ ልጁ ግን ወደ አዳማው ያዘነብላል። እናቲቱም «በመካከላቸው ቅያሜ ሳይገባ ምን ልበላቸው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ያ አካባቢ ከመሣሪያ ጋር የተዋወቀው ትናንት አይደለምና። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1969 የመልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ ቀጥሎም በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተተከለ። በ1993 የተከፈተው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅም ዛሬ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስለዚህ በየዓመቱ ብዙ ወላጆች በዚሁ መንታ መንገድ ላይ ይቆማሉ።

በመጀመሪያ፣ መገጣጠም የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስለን። በአንዳንዱ ፋብሪካ መኪናው ፈጽሞ ተፈታትቶ ይመጣል፤ አካሉ እዚህ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሞተሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው ይገጠማል። በዚያ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ብየዳ ስለ ምን እንደሚሰነጠቅ፣ ቀለም ስለ ምን እንደሚላጥ በዓይኑ ያያል። በሌላው ግን መኪናው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ይደርስና ጎማና አንዳንድ ዕቃ ብቻ ይታሰርለታል። በሁለቱም ቦታ የማዕረጉ ስም መሐንዲስ ነው፤ የሚቀሰመው ዕውቀት ግን እጅግ ይራራቃል።

ሁለተኛ፣ ዘመኑን ማየት ይገባል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሞተር ዘይት መለወጥ የለም፤ ፍሬን፣ መሪና ማቀዝቀዣ ግን አሉ፤ ባትሪና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይልም ተጨምረዋል። እንግዲህ ቀጣሪው ይህን የሚያስተምር እንደ ሆነ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

ሦስተኛ፣ ደመወዝ የሚመዘነው በወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ወር ሲያልቅ በሚተርፈው ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብና መጓጓዣ ተቀንሰው ይታዩ። የሥራ ውሉም ሳይፈረም በደንብ ይነበብ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ለሥልጠና ተብሎ ለዓመታት የሚያስር ግዴታ ካለበት፣ ስንት ዓመት እንደሆነና ቢለቁ ምን እንደሚያስከፍል ይታወቅ።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። እናቲቱ እንደ ጻፉልን፣ ልጁ በትልቁ ፋብሪካ የሚመደበው ያለቀለትን መኪና እየተመለከተ በቅጽ ላይ ምልክት ለማድረግ ነው። በአዳማው ግን ንድፍ ይነድፋል፣ ከቶርኖ ማሽን ሠራተኞች ጋር ይቆማል፣ የሠራው መውቂያ ሲሰበርም ገበሬው ዘንድ ሄዶ ምክንያቱን ይመረምራል። የራስን ስሕተት በገበሬ አውድማ ላይ ማየትን የሚያኽል ትምህርት ለመሐንዲስ የለም። ስለዚህ ፋብሪካው ልጁን ከክፍል ወደ ክፍል እያዘዋወረ እንደሚያሠራው በጽሑፍ ካረጋገጠለት፣ ወደዚያ ቢሄድ አንቃወምም። ይህ ከሌለ ግን አዳማ ሁለት ዓመት ቢሠራ ይሻለዋል እንላለን።

የአባትም ሐሳብ የተናቀ አይሁን፤ የእኅት ትምህርት የቤት ዕዳ ነውና። ልጁ የሁለቱን ቦታ ገቢና ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከሚተርፈውም ለእኅቱ በየወሩ የሚሰጠውን ቆርጦ ይናገር። ይህንንም በእናቱ አፍ ሳይሆን ራሱ በአባቱ ፊት ተቀምጦ ያስረዳ። እርስዎም እመቤቴ፣ መልእክተኛ መሆኑን ይተዉላቸው፤ ቡናውን አፍልተው ሁለቱን በአንድነት ያስቀምጧቸው።