ሕጉ ሳይመጣ ማስታገሻው ይድረስ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በግንደወይንና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ብትገቡ፣ ሕመም እንቅልፍ የነሣው ሰው የተኛበት ቤት አታጡም። የማኅፀን በር ካንሰር አጥንቷ ድረስ የዘለቀባት እናት ትሆናለች፤ ጉበቱ ያበጠበት ገበሬ ይሆናል። ሐኪም ቤት ደርሰው ተመልሰዋል። «ከእንግዲህ የምናደርግላት የለም፣ ወደ ቤት ውሰዷት» ተብሎ ቤተሰብ ይዟት ገብቷል። በፌስታል ተቋጥሮ የተሰጣቸው ፓራሲታሞል፣ ሲበዛ ትራማዶል ነው። እሱም ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ አልነጋ ይላል፤ ጎረቤት ጩኸቱን እየሰማ ያድራል፤ በሽተኛዋም «አምላኬ፣ ምነው በወሰድኸኝ» ትላለች።

በዚህ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነው የማስጠነቅቀው። ነገሬ በሽተኛ ሞቱን ሲጠይቅ ሐኪም እንዲያግዘው ስለሚፈቅደው ሕግ ነው። «ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ ቢቸናን ምን አገባት? ሞጣስ ስንት ጭንቅ እያለባት?» የሚለኝ ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ። ያገባታል። እንዲያውም ከማንም በላይ የሚያገባው ማስታገሻ ያልደረሰበትን አገር ነው።

ሕጉ ከአገር አገር እየተሻገረ ነው። ኔዘርላንድስና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቀዱ፤ ቤልጂየም በ2014 ለሕፃናትም አደረገችው። ካናዳ በ2016 ተከተለች። የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ረቂቁን በኅዳር 2024 በ330 ለ275 ድምፅ ደገፈው፤ በሰኔ 2025 ደግሞ በ314 ለ291 አጽድቆ ወደ ጌቶች ምክር ቤት መራው። በሰባት ወር ውስጥ ልዩነቱ ከ55 ድምፅ ወደ 23 የወረደው፣ እንደራሴዎቹ ነገሩን ቀርበው ባዩት መጠን ሥጋት ስለ ገባቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ካናዳን ለይቼ አነሣለሁ፤ ምክንያቱም በሩ ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚሆን የታየው እዚያ ነው። በ2016 ሲጀመር ሞቱ ለቀረበ በሽተኛ ብቻ ተብሎ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2021፣ ያ ገደብ ተነሣ፤ ሞቱ ያልቀረበ፣ ነገር ግን በማይድን ሕመም ወይም በአካል ጉዳት የሚሠቃይ ሰውም መጠየቅ ቻለ። ቀጥሎ የአእምሮ ሕመም ብቻ ላለባቸው እንዲፈቀድ ተወሰነ፤ አገሪቱ ደንግጣ እስከ 2027 ገፋችው። በ2023 ብቻ 15,343 ሰዎች በዚህ መንገድ ሞቱ፤ በዚያ ዓመት ከሞቱት ካናዳውያን 4.7 በመቶው መሆናቸው ነው። ክሪስቲን ጎቲዬ የተባለች የቀድሞ ወታደርና የፓራሊምፒክ ስፖርተኛ በ2022 መጨረሻ ለፓርላማ ኮሚቴ ቀርባ የሰጠችው ምስክርነት ደግሞ ከቁጥሩ ይብሳል። በቤቷ ደረጃ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሯ መውጫ እንዲሠራላት ለዓመታት ስትጠይቅ ቆይታ፣ በመጨረሻ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ መሞት ከፈለገች ሊረዷት እንደሚችሉ እንደነገራት ተናገረች። ካናዳ ሀብታም ናት፤ ሕክምናው ነፃ ነው፤ ፍርድ ቤቱና ጋዜጣው ንቁ ነው። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ጠርሙስ ማስታገሻ ለማግኘት በሬ በሚሸጥበት አገር ምን ይሆናል?

ሰዎች እንደሚያስቡት ሞት የሚያስጠይቀው ሕመሙ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ሕጉን ከ1997 ጀምሮ ስትሠራበት የኖረች ናት፤ በሽተኞቹ ለምን እንደጠየቁም በየዓመቱ ታወጣለች። ከላይ የሚመጣው በራሴ መንቀሳቀስና መወሰን አቃተኝ የሚለው ነው። በ2023 ደግሞ 43 በመቶ የሚሆኑት ለቤተሰብ ሸክም ሆንሁ ብለዋል። ሸክም! ይህን ነገር እኛ ጋ የማያውቀው ማን ነው? የጎጃም እናት ከሞት በላይ የምትፈራው ልጆቿን ማስቸገር ነው። ለሕክምና በሬ ሲሸጥ፣ ልጅ ከትምህርት ቀርቶ ሲያስታምም፣ ምራት ሌሊት ስትነሣ እያየች በልቧ ታሰላለች። «እኔ ከምሰነብት በሬው በኖረ» ትላለች። ጮክ ብላ አትናገርም፤ እህል መቀነስ ትጀምራለች፤ መድኃኒቱን «ተሽሎኛል» ብላ ትተወዋለች።

ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት መንግሥት መጥቶ «መሞት መብትሽ ነው» ቢላት፣ እርሷ የምትሰማው «መሞት ግዴታሽ ነው» የሚል ነው። ማንም ክፉ ልጅ ሊገፋፋት አያስፈልግም። የይዞታ ደብተሩን በስሜ አዙሪልኝ የሚል ልጅ ያለባት ግን አለች፤ ያንንም እናውቃለን። መሬት በጠበበበት፣ ወንድም ከወንድሙ በድንበር በሚካሰስበት አገር፣ የአንድን አረጋዊ ሞት የሚያፋጥን ፊርማ ማን ዘንድ ሊገኝ እንደሚችል ማሰብ ያስፈራል።

ሕጋችን እስካሁን በዚህ ጉዳይ ጽኑ ነው፤ አመጣጡም ሊታወቅ ይገባል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። በአገራቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፣ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የረዳ የሚቀጣው የግል ጥቅሙን ፈልጎ እንደሆነ ብቻ ነው። በዚያች ቀዳዳ ነው በ1982 ኤግዚት፣ በ1998 ዲግኒታስ የተባሉት ማኅበራት የገቡት፤ ዛሬ ከሌላ አገር በአውሮፕላን መጥቶ እዚያ የሚሞት ሰው አለ። የእኛ ሕግ ግን ቀዳዳዋን አልተቀበለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 542 ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋም የረዳም፣ ለጥቅም ይሁን በርኅራኄ ሳይባል፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይላል። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈው ሰው ግን ወንጀለኛ አይባልም። ሕጉ የተጨነቀውን ትቶ የገፋፋውን መያዙ ትክክል ነው። ማንም «ዘመን ያለፈበት አንቀጽ» እያለ ሊሽረው ሲነሣ ዝም ማለት የለብንም።

ይሁን እንጂ አንቀጽ 542 የማንንም ቁርጥማት አያስታግስም። ሕጉን ብቻ ታቅፎ፣ በሽተኛዋን ከነጩኸቷ ትቶ፣ «እኛ ሃይማኖት አለን» ማለት ትልቅ ድፍረት ነው። የቢቸናው ካህንም የሞጣው ኢማምም ነፍስ የሰጪዋ እንደሆነች ያስተምራሉ፤ እውነት ነው። ሰው በሥቃይ እንዲያልቅ ግን አላስተማሩም።

ሥቃዩን የሚያስታግሰው መድኃኒት ደግሞ ብርቅ ግኝት አይደለም። ሞርፊን ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ በጠርሙስ የሚሰጥ፣ በየአራት ሰዓቱ የሚዋጥ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ለድሆቹ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ቁጥር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ባነበብሁት ቁጥር ያናድደኛል። ግን ድህነት ብቻ ምክንያት እንዳይሆነን ዑጋንዳ አለች። እ.ኤ.አ. በ1993 በካምፓላ በተጀመረ ሥራ ፈሳሹን ሞርፊን እዚያው አዘጋጅታ ለሕመምተኞች በነፃ ትሰጣለች፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እንዲያዝዙትም ፈቅዳለች። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የማይድኑ ሕሙማንን ያስታምማል፤ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው አለ ማለት ነው። ከትላልቅ ከተሞች ወጥቶ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ የደረሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የጨረር ሕክምና እንኳ ከሃያ ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር አንርሳ፤ ከሞጣ ተነሥቶ አባይን ተሻግሮ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ተራው ሳይደርስ ስንቱ ቀርቷል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነት መጣ። መንገድ ይዘጋል፤ አምቡላንስ ይቆማል፤ መድኃኒት ይጠፋል። የጤና መድኅን ደብተር ያለው ሰው «ከውጭ ግዙ» ይባላል፤ ከውጭም የለም። በዚህ ሁሉ መሀል የሕመምተኛን ሥቃይ ማስታገስ የቅንጦት ነገር ተደርጎ ወደ ኋላ ይገፋል።

በሐኪም እርዳታ መሞት ይፈቀድ የሚሉ ሰዎች ጨካኞች ናቸው አልልም። ብዙዎቹ የወላጃቸውን ጣር አይተው የተነሡ ናቸው። የትኛውም መድኃኒት የማይችለው ሕመም አለ ይላሉ፤ ጥቂት ቢሆንም አለ። ለእነዚያም ግን በመጨረሻዎቹ ቀናት በሽተኛውን በመድኃኒት አስተኝቶ ሥቃዩ እንዳይሰማው ማድረግ ይቻላል፤ ያ መግደል አይደለም። ለቤተሰብም ግልጽ ይሁን፦ ጥቅም የሌለውን ሕክምና «ይበቃኛል» ማለት ራስን ማጥፋት አይደለም። በልኩ የተሰጠ ሞርፊንም ሞትን አይጠራም። ይህን ያልተረዱ የጤና ባለሙያዎች ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽ ያቆማል ብለው ፈርተው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉታል፤ ያልተረዱ ቤተሰቦችም የማይጠቅም ሕክምና ለመግዛት ሁሉን ሸጠው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

በውጭ ላላችሁ ልጆቻችን የምለው አለኝ። ዋሺንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ካሊፎርኒያ ከ2016 ጀምሮ በሐኪም እርዳታ መሞትን የሚፈቅድ ሕግ አላቸው፤ በቶሮንቶና በአምስተርዳም ያላችሁትም ታውቁታላችሁ። ከቢቸና የወሰዳችኋት እናታችሁ «ምነው በወሰደኝ» ስትል የምታናግረው ፈጣሪዋን ነው። ሐኪሙ ፊት ብቻዋን ከማታውቀው አስተርጓሚ ጋር አትተዋት። ከጎኗ ተቀመጡ፤ ምኗን እንደሚያማት፣ ማንን ማየት እንደምትፈልግ፣ ንስሐ አባቷ በስልክ እንዲያነጋግሯት ትወድ እንደሆነ ጠይቋት። ኦሪገን ውስጥ የተመዘገበው ያ «ሸክም ሆንሁ» የሚለው ስሜት፣ አገሯንም ቋንቋዋንም ላጣች አሮጊት እጥፍ ነው።

አገር ቤት ላላችሁት ደግሞ፦ ጧሪው እየጠፋ ቀባሪው በዝቷል። እድራችን ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ወንበር አለው፤ ሁሉም ሰው ከሞተ በኋላ የሚወጣ ነው። በገጠር ግን በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ማኅበር ያለው ሕዝብ ነን። ያው ትከሻ በሽተኛዋ ወደ ቤት ስትመለስም አይጥፋባት። እድሩ ከመዋጮው ጥቂቱን ለሚያስታምም ቤት ይስጥ፤ በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ ይዞ ይደር፤ ያች ምራት ትተኛ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይገባሉ፤ ቁስል ማጠብን፣ በሽተኛ ማገላበጥን፣ ሕመም መጠየቅን ጨምረው ይሠልጥኑ። የቢቸናና የሞጣ ሆስፒታሎች፣ የዞኑም የክልሉም ጤና ኃላፊዎች የሚዋጥ ሞርፊን በመጋዘናቸው መኖሩንና ማን እንደሚያዝዘው ለሕዝቡ ይንገሩ። ከሌለ የለም ይበሉ፤ ሕዝቡም ይጠይቅ።

ይህን ጽሑፍ እያነበበ መኖር የመረረው ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር፤ ለወንድም፣ ለንስሐ አባት፣ ለጎረቤት፣ በአቅራቢያው ላለ ጤና ጣቢያ። ብቻውን አይደር። የነገሩትም ሰው አይቆጣው፤ አጠገቡ ይቀመጥ።

«ወደ ቤት ውሰዷት» የተባላችሁ ቤተሰቦች፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ሳትወጡ እነዚህን ጠይቁ፦ ሌሊት ሲብስባት ምን እንስጣት? ይህ መድኃኒት አላስታግስ ሲል ከዚህ የሚበረታው የት ይገኛል? ለስንት ቀን ይበቃታል፣ ሲያልቅ ማን ይጽፍልናል? ሆዷ ሲደርቅ፣ ቁስሏ ሲሸት፣ ትንፋሿ ሲያጥር ምን እናድርግ? በማን ስልክ እንደውል? መልሱን በወረቀት አስጽፉ፤ ፊርማና ማኅተም አስደርጉበት። አልመልስም የሚል ካለ ስሙን ይዛችሁ ወደ ኃላፊው ሂዱ።