ባሕርን ለማየት ብቻ

በአማርኛ ግጥም ውስጥ ባሕር የሚለውን ቃል ያህል ብዙ የተሠራበት ቃል ጥቂት ነው። ፍቅር ባሕር ነው፤ ኀዘን ባሕር ነው፤ ዕውቀት ባሕር ነው። ይህን ሁሉ ሸክም የምናሸክመውን ውኃ ግን ስንቶቻችን በዓይናችን አይተነዋል? እኔን ጨምሮ የማውቃቸው አብዛኞቹ የግጥም ወዳጆች የጣናን፣ የሐዋሳን ወይም የላንጋኖን ዳር አይተው የቀረውን በምናባቸው የሞሉ ናቸው። ስለ ባሕር አብዝተን የምናወራው የወደብ ነገር ሲነሣ ነው፤ ያለዚያም የስደተኞች ጀልባ የመስጠሟ ዜና ሲሰማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ማንበብና መጻፍ የምንወድ ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ ባሕርን ለማየት ብቻ፣ ሌላ ጉዳይ ሳንደርብበት፣ መሄድ ይገባናል እላለሁ።

መሄጃውም ሩቅ አይደለም። ከሦስት ወዳጆቼ ጋር የማቅደው ጉዞ ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ያመራል። መድረሻው ጉቤት አል ኸራብ የሚባለው፣ በሩ የጠበበ፣ ውስጡ የጠለቀ የባሕር ወሽመጥ ነው። በወሽመጡ ውስጥ ከውኃው ብቅ ያለ የእሳተ ገሞራ ደሴት አለ። አፋሮች ጂኒ ኮማ፣ የጂኒ ኮረብታ፣ ይሉታል፤ ፈረንሳዮችም የሰይጣን ደሴት ብለውታል። ስሙ የሚያስፈራ ቢሆንም ያለ ምክንያት የወጣ አይመስለኝም። ከወሽመጡ ወዲያ ማዶ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ቅልጥ አለት አፍስሷል። ከዚያም አለፍ ሲሉ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለው የአሳል ሐይቅ ይገኛል። የወሽመጡ ውኃ በተሰነጠቀው አለት ሥር እየሰረገ ሐይቁን ይመግበዋል፤ ፀሐይዋም ውኃውን ወስዳ ጨውን ትተወዋለች። የአፍሪካና የዓረብ ምድር ቀስ በቀስ የሚለያዩበት ስንጥቅ ከባሕር ወደ የብስ የሚወጣው በዚህ ሥፍራ ነው። ይኸው ስንጥቅ ሥርዓት ወደ እኛው አፋር ይዘልቃል። ስለዚህ ያን ደሴት የሚያይ ሰው የኤርታ አሌን ዘመድ እንዳየ ይቁጠረው።

ለጉዞው የመረጥነው ወቅት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ያን ጊዜ ሙቀቱ ይበርዳል፤ ዌል ሻርክ የሚባለው እንግዳም ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ግዙፉ እርሱ ነው። ምግቡ ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ፍጥረታት ስለሆኑ ሰውን አይነካም። ወደ ታጁራ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ሲሆኑ ርዝመታቸው አራት ሜትር ገደማ ነው። እነርሱን ለማየት ጥልቅ ውኃ ውስጥ መግባት አያሻም፤ መነጽር አድርጎ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ ፊትን ወደ ታች ደፍቶ መንሳፈፍ ይበቃል። በጀርባቸው ላይ የተረጨው ነጭ ነጠብጣብ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ተመራማሪዎች የከዋክብትን ምስል ለማስተያየት የተሠራ የኮምፒዩተር ስሌት ወስደው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ሻርኮቹን በዚሁ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይለዩበታል። ገጣሚ ይህን ቢያስብ ተጋነነ ይባል ነበር፤ ሳይንቲስቶቹ ግን የዓሣን ጀርባ እንደ ሰማይ ያነቡታል።

ትልቅ መርከብ ያልፈለግነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ዓሣ ወደ ውኃው ገጽ ተጠግቶ ስለሚመገብ የሞተር ጀልባ ይመታዋል፤ በታጁራ ከታዩት ብዙዎቹ የፕሮፔለር ጠባሳ እንዳለባቸው ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዌል ሻርክ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት ጋር ተመዝግቧል። ስለዚህ ጀልባ ለመከራየት ያዘጋጀነው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ምግቡም ስለ አልጋውም አይደለም። «ካፒቴን፣ ዓሣው ሲታይ ሞተሩን ያጠፋሉ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ሁለተኛው ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ወደ ውኃ እንደሚወርድ ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው ደንብ ከዓሣው አካል ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ ደግሞ አራት ሜትር መራቅን ያዛል፤ መንካትም ክልክል ነው። ስምንት ሰው የያዘች ትንሽ ጀልባ ይህን ልታከብር ትችላለች። መቶ ሰው የጫነ መርከብ ግን ቢፈልግም አይችልም።

ስለ ገንዘቡም ላንሣ፤ «ይህ የባለጠጋ ጨዋታ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁና። የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሒሳቡን አልሸሽም። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተቆርጦ እንዳለ አለ። የእኛ ብር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ ዋጋው በገበያ የሚወሰን ሆኗል። ስለዚህ ወጪው በእነርሱ በኩል የቆመ፣ በእኛ በኩል የሚንቀሳቀስ ነው። ለዚህም ነው በየወሩ ዕቁብ ጥለን ጊዜ ወስደን የምናጠራቅመው። ወጪው ቀላል ነው አልልም፤ ነገር ግን ለአንድ ሠርግ የምናወጣውን የሚያስታውስ ሰው ለአራት ቀን ባሕር የሚወጣውን ቅንጦት ብሎ ለመጥራት ትንሽ ያመነታል ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞ የመጣብኝ ከአንድ ገጣሚ ወዳጄ ነው። «ግጥም ለመጻፍ ባሕር ማየት ግድ አይደለም፤ ምስክሬም የሐረሩ ራምቦ ነው» አለኝ። እውነት አለው። አርተር ራምቦ «የሰከረው ጀልባ» የተባለውን ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1871 ሲጽፍ ዕድሜው 16 ነበር፤ ባሕርንም ገና አላየም ነበር ይባላል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1885 ማብቂያ እስከ ጥቅምት 1886 ድረስ በዚያው በታጁራ ተቀምጧል። ለምኒልክ የሚሸጥ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ ፈቃድና ግመል ይጠብቅ ነበር። የንግድ ሸሪኩ ሲሞትበት ቅፍለቱን ራሱ መርቶ በአሳል ሐይቅ በኩል አልፎ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ከዚያ ዘመኑ የቀሩልን ደብዳቤዎች ስለ ግመል ኪራይ፣ ስለ ጠመንጃ ዋጋና ስለ ዕዳ ይተርካሉ። ግጥም የለበትም። ባላየው ጊዜ ዘመረለት፤ ከደጁ በተቀመጠ ጊዜ ዝም አለ።

ይህ ታሪክ እኔን የሚረታ ይመስላል። ራምቦ ግጥምን የተወው ታጁራ ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት ስለሆነ ባሕሩን ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም፤ ማየት ብቻውን ግጥም እንደማይወልድ ግን እቀበላለሁ። ሆኖም ወዳጄ ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። እኛ ዛሬ የምንመስለው ያን የ16 ዓመት ልጅ አይደለም፤ የታጁራውን ነጋዴ ነው። ከአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። እኔም በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በሚያልፉት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ሰነዶች የጅቡቲን ስም በየቀኑ አነባለሁ። በሰነዱ ላይ ኮንቴይነር አለ፣ ቀን አለ፣ መቀጮ አለ፤ ውኃ ግን የለም። የወደብ ጥያቄ ምን መልስ ይገባዋል የሚለውን ለሚመለከታቸው እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ባሕርን በዋጋው ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ በቋንቋው ውስጥ ያለው ባሕር ቀስ በቀስ እየደረቀ መሄዱ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ማንም ሳያነሣብኝ ራሴ አነሣዋለሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ከየመን ወደ ጅቡቲ የምትመለስ ጀልባ ተገልብጣ 38 ሰዎች ሞቱ፤ የተሳፈሩት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ነበሩ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በሌላ አደጋ ከ20 የሚበልጡ አለቁ። በዚያው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ አሻጋሪዎች መንገደኞቹን ገና ከዳር ሳይደርሱ ወደ ባሕር አስገድደው በማውረዳቸው ከ40 የሚበልጡ ሞተዋል። አደጋዎቹ የደረሱት ከባሕረ ሰላጤው በስተ ሰሜን፣ በኦቦክ አቅጣጫ ነው። ውኃው ግን አንድ ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሰጠሙበት ባሕር ላይ መነጽር አድርጎ ዓሣ ለማየት መንሳፈፍ ነውር አይሆንም ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሌሊት አሰላስዬዋለሁ። በእኛ ባህል ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል፤ አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ ድንኳን ይተከላል፣ እርም ይወጣል። የእነዚያ ወጣቶች እናቶች በየገጠሩ አልቅሰዋል። ወደ ባሕሩ ደጃፍ ሄዶ ለቅሶ የደረሰ ግን ስንት ነው? ለቅሶ ያልደረሱበትን ቤት ደጃፍ እንደምንሸሸው ያን ባሕርም ስንሸሸው የኖርን ይመስለኛል። መራቃችን ለሙታኑ ክብር አልጨመረም፤ ዜናውን በቁጥር ሰምተን እንድናልፍ ብቻ ረድቶናል። የጨውን ውኃ ቀምሶ የተመለሰ፣ የማዕበሉን ጉልበት በገዛ ክንዱ የለካ ሰው ግን በሚቀጥለው ጊዜ «ጀልባ ሰጠመች» ሲባል የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከአራቱ ቀናት አንዱን ምሽት ለዚህ ትተነዋል፤ ሞተር ጠፍቶ፣ ሙዚቃ ሳይኖር፣ በዝምታ እናመሻለን።

እንግዲህ ከአንባቢዎቼ መካከል ዕቁብ የሚጥል ካለ ይጣል፤ ዋና የማይችልም ከአሁኑ ይማር። ለዚያች ምሽት ያዘጋጀኋትን ትንሽ ግጥም እነሆ።

ስሙን እየጠራሁ፣ ሳላውቀው የኖርሁት፣
ለፍቅር ለኀዘን፣ ምሳሌ ያረግሁት፣
አንተ ጨው ውኃ ሆይ፣ መጣሁኝ ልሰማህ፣
ጭነት ሳላራግፍ፣ ወደብም ሳልቀማህ፤
ከሆድህ ያደሩ፣ የናት ልጆች ካሉ፣
በቀስታ ንገረኝ፣ ስማቸውን ሁሉ።

ቸር ይግጠመን።