ፎቶ አይሸትም

ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የተማረ ሰው ኢ-ኮሜርስ የሚባለውን ኮርስ ያውቀዋል። ቢ ቱ ቢ፣ ቢ ቱ ሲ፣ ሲ ቱ ሲ እያልን እንሸመድዳለን። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1995 መጽሐፍ በመሸጥ ሥራ እንደጀመረ እናነባለን። ክሬዲት ካርድ እንዴት እንደሚሠራ በሥዕል እናያለን፤ እኛ ግን ካርዱን በእጃችን ይዘነው አናውቅም። ተፈትነን እናልፋለን። ወደየመጣንበት ስንመለስ አንድ ኪሎ ቅቤ በስልክ ሸጦ ብሩን በሰላም መቀበል ራሱን የቻለ ፈተና ሆኖ ይጠብቀናል።

እኔ የፎንቆ ልጅ ነኝ። ፎንቆ በሀዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ የእንሰት አገር ነው፤ ቆጮው፣ ቡላውና ቅቤው አዲስ አበባም ፈላጊ አለው። ስለዚህ ነገሬን በቅቤ ላስረዳ።

ገበያ ወጥታ ቅቤ የምትገዛ እናት ምን ታደርጋለች? ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትቀምሰዋለች። ለጋ ይሁን በሳል፣ ባዕድ ነገር ይኑርበት አይኑርበት ራሷ ታረጋግጣለች። ዋጋ መከራከር ከዚያ በኋላ ነው። ብትታለል ደግሞ ሻጯን በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ቦታ ታገኛታለች።

ያንኑ ቅቤ ቴሌግራም ላይ እንለጥፈው እንበል። ፎቶ አይሸትም። አዲስ አበባ ያለችው ገዢ «ሳይደርሰኝ ብር አልክም» ትላለች። ፎንቆ ያለችው ሻጭ «ብሩ ሳይገባ አልጭንም» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ንግዱ ግን እዚያው ይቀራል።

ለኔ ኢ-ኮሜርስ ማለት ይህን ቋጠሮ መፍታት ነው። ድረ ገጽ መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው።

መክፈያ የለም እንዳንል ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀምሯል፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ተከትሏል። ሕግ የለም እንዳንል የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። የጎደለው መተማመን ነው። ብር ሳይልክ የተቀነባበረ ስክሪንሾት ብቻ የሚልክ አጭበርባሪ ባለበት አገር ሻጭ ብትፈራ ማን ይፈርድባታል?

ሌሎች አገሮችም እዚህ ቋጠሮ ላይ ቆመው ነበር። የአሊባባው ታኦባኦ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት ቻይናውያን ገዢና ሻጮችም እንደኛው ይፈራሩ ነበር። በዓመቱ አሊፔይ መጣ፤ የገዢውን ገንዘብ ይዞ ይቆይና ዕቃው መድረሱ ሲረጋገጥ ለሻጩ ይለቃል። ሕንድ ውስጥ ፍሊፕካርት እ.ኤ.አ. በ2010 ዕቃው ደጅ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ ማስከፈል ጀመረ። መፍትሔያቸው የተለያየ ነው፤ መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሕዝባቸው ምን እንደሚፈራ ማወቅ።

እኛስ? እኛም እኮ ባዶ እጃችንን አይደለንም። እቁብ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዕቃ በሚኒባስ ስንልክ የመኪናውን ሰሌዳና የሹፌሩን ስልክ ለተቀባዩ እንነግራለን። የመጀመሪያው ዋስትና ነው፣ ሁለተኛው ዕቃ መከታተያ። ኮርሱ ግን እነዚህን እንደ እውቀት አይቆጥራቸውም። የኢ-ኮሜርስ ፕሮጀክት ሲባል ማንም የማይገዛበት የጫማ ሱቅ ሎካልሆስት ላይ ሠርተን፣ አቅርበን፣ እንረሳዋለን።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ወይም ከፎንቆ አንድ እውነተኛ ሻጭ ይፈልግ። አሥር ትእዛዝ ተቀብሎ አሥሩንም ያድርስ። ክፍያው እንዴት ተረጋገጠ? ዕቃው መንገድ ላይ ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ገዢው «ያዘዝኩት ይህን አይደለም» ቢልስ? ማርኩ ለእነዚህ መልስ ይሰጥ። የኮርሱ ንድፈ ሐሳብ ያኔ ትርጉም ያገኛል፤ የመረጃ ቋቱም፣ የደኅንነቱም ትምህርት የሚሠራበት ቦታ ይኖረዋል።

«አይቲ የተማረ ሁሉ ነጋዴ ይሁን ወይ?» የሚል ይኖራል። አይሁን። ግን የሚሠራለትን ነጋዴ ጭንቀት የማያውቅ ፕሮግራመር ማንም የማይከፍትለት አፕ ይሠራል። «ሥርዓተ ትምህርቱ ከላይ የወረደ ነው» የሚሉም አሉ። የፕሮጀክቱን ርዕስ የሚመርጡት ግን መምህሩና ተማሪው ናቸው።

ይህን የምለው ነገሩ የምር ስለሆነ ነው። የሀዲያና የከምባታ ወጣት ዓይኑ ደቡብ አፍሪካ ላይ መሆኑን የማያውቅ የለም። እዚያ የደረሱት ወንድሞቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በንግድ ነው፤ ዕቃ ተሸክመው ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍተው። አንድ ኮርስ ስደትን ያስቀራል አልልም፤ እንዲህ ብል ውሸት ይሆናል። ግን በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ ደንበኛ ማፍራት የቻለ ልጅ፣ አገሩ ላይ ስልኩን ይዞ መሸጥ የሚያቅተው ችሎታ አንሶት አይደለም።

ኮርሱን ዘንድሮ የምትወስዱ፣ መምህሩ እስኪያዛችሁ አትጠብቁ። ቅቤ የምትሸጥ እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አታጡም። ዋጋውን በግልጽ ጻፉላት። የምትሸጠውን በትክክል ንገሩላት፤ በሳሉን ለጋ አትበሉ። ስክሪንሾት አይታችሁ ዕቃ አትልቀቁ፤ ብሩ መግባቱን ከራሷ ሂሳብ አረጋግጡ። የመጀመሪያዋ ገዢ ረክታ ሁለተኛ ጊዜ ስታዝ፣ ኮርሱን ያኔ አልፋችኋል።