«ግፊት እኮ በሽታ አይደለም»



ሰሞኑን ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የቪዛ ወረቀት የሚያዘጋጁ ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ርካሹ የጉዞ ኢንሹራንስ የትኛው ነው?» ይሉኛል። እኔም መልሼ «የምትወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው?» እላለሁ።

ይህን መጠየቅ የተማርኩት ከጎረቤቴ ነው። ሜሪላንድ ያለች ልጇ ስትወልድ ልታርሳት ወደ አሜሪካ ሄደች። ግፊቷን ለዓመታት የምለካላት እኔ ነበርኩ። የኢንሹራንሱ ቅጽ «የቆየ ሕመም አለብዎት?» ሲላት «የለብኝም» ብላ ሞላች። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት «ግፊት እኮ በሽታ አይደለም። ደግሞም ልጄ ሰምታ እንድትጨነቅ አልፈለግሁም» አለችኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላት ክኒኗ አለቀ። ለልጇ ሳትናገር ዝም ብላ ሰነበተች። አንድ ቀን ራሷን አዞራት፣ ደረቷንም ወጋት፤ ድንገተኛ ክፍል ገብታ ሁለት ሌሊት አደረች። እዚያ አገር ድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለሽም ብሎ አይመልስም፤ ሒሳቡ ግን ቤት ድረስ ይመጣል። ለነርሷ «ግፊት ከያዘኝ 8 ዓመቴ ነው» ብላ እውነቱን ተናገረች፤ ደግ አደረገች። ኢንሹራንሱ የሆስፒታሉን ወረቀት ከቅጹ ጋር አስተያይቶ አልከፍልም አለ። ዕዳው አራሷ ላይ ወደቀ። «ልረዳት ሄጄ ዕዳ ጥዬላት መጣሁ» ስትለኝ እኔም አፈርኩ። በየሳምንቱ ክንዷን ይዤ ስለካ ስለ ቅጹም ሆነ ስለ ክኒኑ ብዛት አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

አውሮፓ የምትሄዱ፣ ለሸንገን ቪዛ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም፤ በሁሉም የሸንገን አገሮችና ለቆይታችሁ በሙሉ የሚሠራ መሆን አለበት። ነገር ግን ቪዛ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ስትታመሙ መታከም ሌላ። ኤምባሲው የገንዘቡን መጠንና ቀኑን ያያል እንጂ ስኳራችሁን አያይም። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ ወደዚያ የምትሻገሩ ከሆነ ውሉ እንደሚሸፍን ጠይቁ። ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ኢንሹራንስ ግዴታ ስላልሆነ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ፤ ሕክምናው እጅግ ውድ የሆነው ግን እዚያ ነው።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት እነዚህን ጠይቁ። አንደኛ፣ ቀድሞ የነበረን ሕመም ይሸፍናል? ብዙዎቹ አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹ ድንገት ሲብስ ብቻ፣ ያውም እስከተወሰነ ዕድሜ ድረስ ይከፍላሉ። ሁለተኛ፣ በእኔ ዕድሜ ሽፋኑ ስንት ነው? ዕድሜ ሲገፋ ክፍያው ይጨምራል፣ ሽፋኑም ሊቀንስ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከኪሴ አስቀድሜ የምከፍለው ስንት ነው? ሒሳቡን ነው የሚከፍለው ወይስ ለእያንዳንዱ ሕክምና የተቆረጠ ገንዘብ ብቻ? አራተኛ፣ ክፉ አይንካችሁና፣ በሽተኛን ወይም አስከሬንን ወደ አገር መመለስን ይጨምራል? መልሱን በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ አሳዩኝ በሉ።

የዘወትር መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በጉዞ ኢንሹራንስ አይሸፈንም። ለቆይታችሁ የሚበቃውን ከነማሸጊያው፣ መጠባበቂያ ጨምራችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም ሐኪማችሁ በእንግሊዝኛ ይጻፍላችሁ።

ኢንሹራንሱን የሚገዛላችሁ ልጃችሁ ከሆነ ደግሞ ሕመማችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ኢንሹራንስም አይገኝለትም። ጎረቤቴ ዘንድሮ ለልጅ ልጇ ክርስትና ልትሄድ ነው። ቅጹን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች፤ አብረን ሞላነው። «ግፊት» የሚለውን በራሷ እጅ ጻፈችው።

ሳምንት በቸር ያገናኘን።