የጠርሙስ ሰርግ

የሰርግ መጠጥ ምርጫ መጽሔት ላይ የሚጻፍበት ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ካለ፣ እስቲ በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች አዲስ አበባ ውስጥ ከተተከሉት ድንኳኖች ወይም ከተከራዩት አዳራሾች ወደ አንዱ ጎራ ይበልና የጠረጴዛዎቹን አሰላለፍ ይመልከት። ከፊት፣ ሙሽሮቹ ከተቀመጡበት ከፍታ ሥር፣ የባዕድ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው የወይን ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አልፎ አልፎም በመካከላቸው ውስኪ ይቆማል። መሐል ላይ የአገር ውስጥ ወይን፤ ወደ በሩ ሲጠጉ ቢራ፤ ከበሩ ውጪ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የእድሩ ሰዎች ከተቀመጡበት ደግሞ በፕላስቲክ ጆግ የሚዞር ጠጅ። ማን ምን ያህል እንደተከበረ ለማወቅ የጥሪ ካርድ ማየት አያስፈልግም። ጠርሙሱ ይናገራል።

ጠቤ ከወይን ጋር አይደለም፤ ወይን እወዳለሁ። ጠቤ ወይኑ ከሚመረጥበት መንገድ ጋር ነው። ባለፉት ዓመታት፣ በወዳጅነትም በዝምድናም፣ "የሰርግ ኮሚቴ" እየተባሉ ከሚሰበሰቡ ሰዎች መካከል ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። ስለ ወይን ሲነሳ የሚሰማው ጥያቄ "የየት አገር ነው?" የሚል ብቻ ነው። "ከምን ምግብ ጋር ነው የሚቀርበው?" ብሎ የጠየቀ፣ ወይም "እንግዳው ይወደው ይሆን?" ብሎ የተጨነቀ ኮሚቴ እስካሁን አልገጠመኝም። ለሙሽራዋ ቬሎ ሦስት ጊዜ ይለካል። ኬኩ እንኳ ናሙናው ተቀምሶ ነው የሚታዘዘው። ሦስት መቶ ሰው የሚጎነጨው ወይን ግን በላዩ በተለጠፈው ወረቀት ተመርጦ በካርቶን ይጫናል። ጋዜጠኝነት ስንማር ርእስ ብቻ አንብቦ የሚፈርድ አንባቢን እንድንፈራ ተነግሮናል፤ ርእስ ብቻ አንብቦ የሚጠጣ ታዳሚ ይመጣል ብሎ ያስጠነቀቀን ግን አልነበረም።

መቼም ደጋሹን መውቀስ ቀላል ነው። መጠጥ ማነስ ምን ዓይነት ሐፍረት እንደሆነ የሚያውቀው ልጁን የዳረ ሰው ነው። ጥር 12 ቀን የምናከብረው የቃና ዘገሊላ በዓል ራሱ የሚነሳው ከዚህ ሐፍረት ነው፤ ሰርግ ላይ ወይን አለቀ። እናትና አባት ይህንን ቀን ሲያስቡ እንቅልፍ ቢያጡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በዚሁ ታሪክ ውስጥ ኮሚቴዎቻችን ዘለውት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። የድግሱ አሳዳሪ ያንን ወይን ያደነቀው ቀምሶት ነው፤ ከየት እንደመጣ አያውቅም ነበር። የእኛ አሳዳሪዎች ከየት እንደመጣ ያውቃሉ፤ አይቀምሱም።

ባይቀምሱስ ምን ጉዳት አለው? ከምግባችን ልጀምር። የሰርግ ምሳችን ዶሮ ወጥ ነው፣ ቀይ ወጥ ነው፣ ክትፎ በሚጥሚጣ ነው፣ ቁርጥ በአዋዜ ነው። አሁን የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ የሚቀርበው ደግሞ "ድራይ" የሚባለው፣ ስኳሩ ፈልቶ ያለቀ ቀይ ወይን ነው። ይህ ወይን ከፍሬው ቅርፊትና ዘር የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር አለው፤ ምላስን የሚያደርቀውና ጥርስ ላይ ሻካራ ስሜት የሚተወው እሱ ነው። የአልኮል መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሰዋል እንጂ አያበርደውም፤ ታኒኑም በተቃጠለ ምላስ ላይ ይከብዳል። የበርበሬን እሳት የሚያለዝበው ጣፋጭነት ነው። ስለዚህ አንድ እናት ያንን የተከበረ ወይን ጎንጨት ብለው ፊታቸውን ሲያጨማድዱና ብርጭቆውን ገፋ ሲያደርጉ፣ ወይን የማያውቁ ሆነው አይደለም። ምላሳቸው ትክክለኛውን ፍርድ ሰጥቷል። ወይኑን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ዶሮ ወጥ ቢቀርብላቸው ያንን ጠርሙስ አይከፍቱትም፤ ቅመም ለበዛበት የእስያ ምግብ የጀርመኑን ጣፈጥ ያለ ሪዝሊንግ የሚመርጡት እኮ እነሱው ናቸው።

እንዲህ እየሆነ ሳለ ጣፋጭ ወይን የሚወድ ሰው በከተማችን ይፌዝበታል። ወይኑ ላይ ስፕራይት ወይም አምቦ ውሃ የሚጨምርማ ከነጭራሹ ከሰው አይቆጠርም። እኔ ወይን በለስላሳ ቀላቅዬ አልጠጣም፤ የሚጠጣውን ግን ይገባኛል። ከምግቡ ጋር የተጣላውን መጠጥ ለማስታረቅ በራሱ ብልሃት ሽምግልና ተቀምጧል።

የአገር ውስጥ ወይን መሐል ጠረጴዛ ላይ ቀረ ብዬ ነበር። ይህም ቢሆን በፍርድ ሳይሆን በዕጣ ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ከዛሬዎቹ አያቶች የብዙዎቹ ሰርግ ያለ ጉደርና ያለ አክሱማይት አይታሰብም ነበር። በዝዋይ፣ በዛሬው ስሙ በባቱ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል። ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ያወጣል፤ አካሺያ በሚለው ስም ደግሞ ጣፈጥ ያለውን። ይህ ሁለተኛው የወጣው የፈረንሳይ ባለሙያዎች ስለ ተሳሳቱ አይደለም። የምንበላውን አይተው ነው። ታዲያ ከቦርዶ የመጣ ኩባንያ የእኛን ገበታ አክብሮ ወይኑን ሲያጣፍጥ፣ እኛ "ለሰርግማ የውጭ ነው የሚሆነው" ብለን የዚያኑ አገር ተራ ወይን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ በእጥፍ ዋጋ ስናነሳ ምን ይባላል? ከሩቅ የመጣ ወይን ሁሉ ጥሩ ወይን አይደለም። ፈረንሳይም ጣሊያንም ደቡብ አፍሪካም ተራ ወይን ይሠራሉ፤ በብዛት ይሠራሉ። ወደ እኛ የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ወደ ጠጅ ልምጣ፤ ዋናው ነገሬ እሱ ነውና።

ቋንቋችን ፍርዱን የሰጠው ቀድሞ ነው። የወይን ፍሬ መጠጥን "ወይን ጠጅ" አልነው። ጠጅ ራሱ መለኪያ ነበር፤ ሌላው መጠጥ ማዕረግ ሲያገኝ በጠጅ ስም ይጠራል። በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ግብር ላይ በብርሌ የሚቀዳው፣ ቀማሹና አሳላፊው ተለይቶ የሚቆምለት ጠጅ ነበር። ተራው ሰው እንደ ልቡ ጠጅ እንዳይጥል የተከለከለበት ዘመን ነበር፤ ለእሱ የተተወለት ጠላ ነው። እንግዲህ ቅድመ አያቶቻችን ቢመኙትም የማይፈቀድላቸውን መጠጥ እኛ ከበር ውጪ በጆግ እናዞረዋለን። ጌቶቹ ሲጠጡት የክብር ነበር፤ ለሁላችንም ሲፈቀድ የድሃ ሆነ። መጠጡ አልተለወጠም ብል ግን እዋሻለሁ። ተለውጧል፤ የለወጥነውም እኛው ነን።

የሰርግ ጠጅ የሚባለው ዛሬ በአብዛኛው የስኳር ጠጅ ነው። ስኳር በውሃ ተበጥብጦ፣ ማር እንደ ነገሩ ጠብ ተደርጎበት፣ ቢጫ ቀለም ገብቶበት፣ በአራትና በአምስት ቀን ተቸኩሎ የሚደርስ ነገር። ጠዋት ራስ የሚፈልጠውና ሆድ የሚነፋው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ከዚያ "ጠጅ እኮ ራስ ያማል" እንላለን። ወንጀሉ የስኳር፣ ክሱ የማር! ኮሚቴው ለወይኑ ገንዘብ ሲመድብ አይከራከርም፤ ለጠጁ ሲሆን ግን በጀሪካን ከሁሉ የረከሰውን ያፈላልጋል፤ የረከሰውን ካገኘ በኋላ ጠጅ ርካሽ መጠጥ ነው ብሎ ይመሰክራል። ከዚህ የባሰ ዐይን ያወጣ ፍርድ አላውቅም።

እውነተኛው ጠጅ ጊዜ ይፈልጋል። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ሰሙ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጌሾው ይገባል። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጠጁ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ከዚያ ይጠለላል። በደንብ የደረሰ ጠጅ ጣፋጭነቱና የጌሾው ምሬት ተመጣጥነው ዶሮ ወጥን ሲገጥሙ ማየት ነው! ማሩ በርበሬውን ያረጋጋል፤ ጌሾው ቅቤውን ያነሳል። ይህንን ምግብና ይህንን መጠጥ አንድ ገበታ አብሮ አሳድጓቸዋል። ለዚህ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፤ መቅመስ ይበቃል።

የሚቀርቡልኝን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው "ከውጭ የሚመጡ እንግዶች አሉን" የሚለው ነው። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ልጅ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም የመጣ የአክስት ልጅ። እሱ ባለበት አገር ወይን በየጥጋጥጉ ይሸጥለታል። እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጥሩ ጠጅ የት ይገኛል?" ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ሲሰለቸው የኖረውን መጠጥ በክብር እንቀዳለታለን።

ሁለተኛው "አዳራሹ አይፈቅድም" ነው። ይህ እውነት ነው፤ ያናድዳልም። ስሙን የማልጠራው አንድ አዳራሽ የዘመዴን ሰርግ ሲያስተናግድ፣ ከውጭ ለሚገባ ለእያንዳንዱ የወይን ጠርሙስ ክፍያ ተቀብሎ ፈቀደ፤ ጠጅ ግን በጭራሽ አይገባም አለ። ምክንያቱን ስንጠይቅ ምንጣፍ ያበላሻል ተባልን። ቀይ ወይን ለፈቀደ ሰው! ነገሩ የምንጣፍ አይደለም። በብርሌ የሚጠጣ ሰው ፎቶው ላይ እንዳይታይ ነው። ኮሚቴዎች ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ይህንን አንድ መስመር ቢከራከሩበት፣ ገንዘብ የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና፣ ብዙዎቹ አዳራሾች የሚለሳለሱ ይመስለኛል።

ሦስተኛው "ገንዘቡ የእኛ ነው፤ አንተን ምን አገባህ?" የሚል ነው። ገንዘቡ የእነሱ ቢሆን እኔም ዝም ባልኩ። ብዙ ጊዜ የእቁብ ነው፤ የወንድም ብድር ነው፤ ሙሽሮቹ ከጫጉላ ተነስተው የሚከፍሉት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የአልኮል መጠጥ ይገኝበት ነበር፤ በዚያን ወቅት እንኳ ጠርሙሱ ከጠረጴዛው አልጠፋም፤ ዋጋው ብቻ ሰማይ ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እገዳው ሲነሳ ደግሞ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገና ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ከ100 አለፈ። በዚህ ዋጋ ገዝቶ ግማሹ ሳይጠጣ በብርጭቆ የሚቀር ወይን ማቅረብ ክብር የሚሆነው ለማን ነው?

ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት መቶ እንግዳ ተጠርቶ ሁለት መቶው ይጠጣል እንበል። ለእያንዳንዱ ሦስት ብርጭቆ ወይን ከታሰበ፣ አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ስለሚወጣው 120 ጠርሙስ ይፈለጋል። ይኸው ሰው በአማካይ ሁለት ብርሌ ተኩል፣ ብርሌዋም ሩብ ሊትር ትያዝ ከተባለ፣ 125 ሊትር ጠጅ ይበቃዋል፤ ለዚህ ሠላሳ ኪሎ ግድም ማር ይሄዳል። የ120 ጠርሙስ የውጭ ወይን ዋጋና የሠላሳ ኪሎ ንጹሕ ማር ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፍና ኮሚቴው ይየው። ማሩ ይርከስ አልልም፤ ጥሩ ማር ውድ ነው። ገንዘቡ ግን የሚደርሰው ቀፎ ለሰቀለ ገበሬ ነው።

ከዚያው ማር ላይ ደግሞ ማንም የማያስባቸው እንግዶች ድርሻ ይወጣል። በእያንዳንዱ ሰርግ የማይጠጣ ሰው አለ፤ ሙስሊም ጎረቤት፣ ነፍሰ ጡር፣ መኪና የሚነዳ፣ ሐኪም የከለከለው፣ ሕፃን። ለእነዚህ የሚቀርብላቸው ለብ ያለ ለስላሳ ነው። ብርዝ ከመፍላቱ በፊት፣ በዕለቱ ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ በብርሌ ቢቀዳላቸው ከሌላው እኩል ይታደማሉ። ወይን ይህንን ማድረግ አይችልም።

ወይን ይቅር አላልኩም። ከቁርጡ በኋላ፣ ለኬኩ፣ ለምረቃው ብርጭቆ ለማንሳት ጉደርም ሆነ የባቱው ወይን ይቅረብ፤ አቅሙ ያለውና ቀምሶ የወደደው የውጭውንም ይጨምር። ግን በየጠረጴዛው አንድ ዓይነት ይሁን። የፊቱ ሰው የሚጠጣውን የበሩ ሰው ይጠጣ።

ለጥር ሰርግ የሚዘጋጅ ቤተሰብ ማሩን አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ አዲሱ ሲቆረጥ መግዛት አለበት፤ ጠጁ በታኅሣሥ አጋማሽ ግድም ይጣላል። ሰሙ ያልወጣለት ማር ይመረጣል፤ ስኳር ለመቀላቀል አይመችም። ጠጁን የሚጥሉትን እናት ቀደም ብሎ ማነጋገር ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የተለመኑ እንደሆነ ወደ ስኳሩ የሚገፋቸው ኮሚቴው ራሱ ነው። እሳቸውንም ለሰርጉ መጥራት እንዳይዘነጋ። ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከፊት ጠረጴዛ ላይ መቼም አንድ ወንበር አይጠፋም።